ያልተገለጸ ቃና አይገኝም፦ ስለ ማንዶሊን ድምፅ የተደረገ ምልልስ

ማንዶሊን ስምንት ክር ያለው ትንሽ መሣሪያ ነው። ክሮቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በአራት ጥንድ ይደረደራሉ፤ ቅኝቱም እንደ ቫዮሊን ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ነው። የሚጫወቱት ሰዎች ዘወትር የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ በጆሮ የሚታወቀው ቃና ለምን ከእጅ አይወጣም? ብዙዎች መልሱን ከገበያ ይፈልጉታል። እኔ ግን መልሱ የሚጀምረው ከአገላለጽ ነው ባይ ነኝ። የሚፈልገውን ድምፅ በሚፈተሽ ቃል መናገር የቻለ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ ቀሪው መንገድም ከእጅ ክሩ ወደሚመታበት ፒክ፣ ከፒክ ወደ ክር፣ ከክር ክሮቹ ወደሚያርፉበት ብሪጅ፣ በመጨረሻም ወደ እንጨቱ የሚወስድ ቅደም ተከተል አለው። ሐሳቡ ከሁለት ወገን እንዲፈተን ለሁለት ተናጋሪዎች ሰጥቼዋለሁ። መምህሩ አቋሙን ይከላከላል፤ ተማሪዋ ደግሞ በቀላሉ እሺ አትልም።

ተማሪ፦ ጋሼ፣ የማንዶሊኔ ቃና አልጥም አለኝ። የምፈልገው ሞቅ ያለ፣ ሙሉ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነው። የሚወጣው ግን ሰላላ ነው፤ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። መሣሪያውን ሸጬ የተሻለ ብገዛ አይሻልም ይላሉ?

መምህር፦ ከመሸጥሽ በፊት የተናገርሽውን እንመርምረው፣ ልጄ። በአንድ ትንፋሽ አምስት ነገር ጠራሽ፤ ሦስቱ የምትፈልጊው፣ ሁለቱ የምትጠዪው። «ሙሉ» ስትዪ ወፍራሞቹ ድምፆች እንዲጎሉ እየጠየቅሽ ይሆናል። «ጥርት ያለ» ስትዪ እያንዳንዱ ኖታ ከጎረቤቱ ተለይቶ እንዲሰማ ትፈልጊያለሽ። «ሰላላ» ያልሽው ምናልባት በሚ ጥንድ ላይ ብቻ ያለ ችግር ነው፤ «ቆርቆሮ» የሚመስለው ደግሞ ክሩ በተመታበት ቅጽበት ብቻ የሚሰማ ሊሆን ይችላል። እነዚህ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሶቻቸውም አንድ ቦታ አይገኙም። ጥሩ ወጥ ሠሪ ድስቱን ቀምሳ «አልጣፈጠም» ብላ አታቆምም። ቁሌቱ አልበሰለም፣ ጨው አንሶታል፣ ወይም በርበሬው ገና ጥሬ ነው ትላለች፤ እንዲያ ስትል ማስተካከያውንም አብራ ተናግራለች። ስለ ቃና የምንናገረው ቃልም እንዲህ መሥራት አለበት። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቃል ሦስት ጥያቄ አቅርቢለት። የት ነው የሚሰማው? በየትኛው ጥንድ፣ በየትኛው የአንገቱ ክፍል? መቼ ነው የሚሰማው? ክሩ ሲመታ፣ ድምፁ ሲዘልቅ ወይስ ሲከስም? ከምንስ ጋር ሲነጻጸር ነው? ከየትኛው ቀረጻ፣ ከየትኛው ተጫዋች? ለእነዚህ መልስ የሌለው ቃል ምኞትን ይገልጽ ይሆናል እንጂ ለሥራ አይረዳም።

ተማሪ፦ ቃሉን ብናጠራውም ሁለት ሰዎች በአንድ መንገድ አይረዱትም። ለእርስዎ ሞቅ ያለው ድምፅ ለእኔ የታፈነ ሊሆን ይችላል። ቃና የስሜት ነገር አይደለም እንዴ? በልል ቃል ላይ ሥራ መመሥረት እንዴት ይቻላል?

መምህር፦ ተቃውሞሽ ተገቢ ነው። ቃላቱ ልል መሆናቸውን አልክድም፤ ልልነታቸው ግን ወሰን አለው። ክላውዲያ ፍሪትዝና የሥራ ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ቫዮሊን ተጫዋቾች ስለ ድምፅ የሚጠቀሙባቸውን 61 የእንግሊዝኛ ቃላት ሰበሰቡ፤ ከዚያ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ተመሳሳዮቹን አቀራርበው፣ ተቃራኒዎቹን አራርቀው በካርታ መልክ እንዲያስቀምጧቸው አደረጉ። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ቃል ለብቻው ሲቆም እንደሚዋልል፣ ከጎረቤቱና ከተቃራኒው ጋር ሲቀመጥ ግን ቦታ እንደሚይዝ ነው። አማርኛ ደግሞ ለድምፅ የሚሆን ቃል አያጣም። ጎርናና፣ ሰላላ፣ ሻካራ፣ ኩልል ያለ፣ የታፈነ፣ ስርቅርቅ ያለ እንላለን። እነዚህን ጥንድ ጥንድ አድርገሽ በሚዛን ላይ አስቀምጫቸው፤ ጥርት ያለ ከታፈነ፣ ወፍራም ከሰላላ፣ ዘላቂ ከአጭር፣ ለስላሳ አነሳስ ከስለታም አነሳስ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጫፍ አንድ የታወቀ ቀረጻ ምሳሌ አድርጊለት። አሁን «ሞቅ ያለ» ስትዪኝ ከየትኛው ጫፍ ወደየትኛው መሄድ እንደምትፈልጊ አውቃለሁ። ባንስማማ እንኳ በምን እንዳልተስማማን እናውቃለን።

ተማሪ፦ ታዲያ መልካም ቃና የሚባል ነገር የለም ማለት ነው? ሚዛኑ ላይ ማንኛውም ቦታ ከሌላው እኩል ነው?

መምህር፦ ከሙዚቃው ተነጥሎ መልካም የሚባል ቃና የለም፤ ከሙዚቃው ጋር ግን አለ። የራሳችን በገና ለዚህ ጠንካራ ምስክር ነው። በጅማቱና በበርኩማው፣ ማለትም በብሪጁ፣ መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራ የምትባለው፣ ድምፁ እንዲነዝር ተብላ ሆን ተብሎ የምትደረግ ናት። ያንኑ ንዝረት ማንዶሊን ላይ ብትሰሚ የአንገቱ ፍሬት ተበላሽቷል ብለሽ ወደ ጠጋኝ ትሮጫለሽ። በማንዶሊንም ውስጥ እንዲሁ ነው። በአሜሪካው ብሉግራስ ሙዚቃ ማንዶሊን ብዙ ጊዜ የከበሮን ቦታ ይይዛል። ተጫዋቹ በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ክሮቹን በአንድ ጊዜ መትቶ የግራ እጁን ጣቶች ወዲያው ያላላል፤ ድምፁም ደረቅ፣ አጭር፣ ቆራጭ ይሆናል። በናፖሊ ዜማዎች ደግሞ ክሩ በፍጥነት እየተደጋገመ ይመታና ድምፁ ሳይቋረጥ እንዲዘምር ይደረጋል፤ ትሬሞሎ የሚባለው ይኸው ነው። ወደ እኛ ስንመጣ የማንዶሊን ነገር ሲነሣ አየለ ማሞ ይጠቀሳሉ። በጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር በሚመራው አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት ውስጥ ማንዶሊኑ ከአኮርዲዮንና ከክላሪኔት ጋር ይሰለፋል። አኮርዲዮን ድምፁን እንደፈለገ ማራዘም ይችላል፤ ከጎኑ ያለ ማንዶሊን በርዝመት ሊወዳደረው አይችልም፤ ስለዚህ በአነሳሱ ጥራት መለየት አለበት። ሦስቱም የሚሹት ቃና የተለያየ ነው፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም። እንግዲህ ሦስቱን ጥያቄዎች አራት እናድርጋቸው፤ ድምፁ ለምን ሥራ ነው የሚፈለገው?

ተማሪ፦ እሺ፣ ቃሉን አጠራሁ እንበል። ቃሉ ግን ድምፁን አያወጣውም። ከየት ልጀምር?

መምህር፦ ገንዘብ ከማይጠይቀው ጀምሪ፣ ከቀኝ እጅሽ። ክር ሲመታ አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም የሚወጣው። የላ ጥንድ በ440 ሄርትዝ ሲርገበገብ በ880፣ በ1,320፣ በ1,760 እያሉ የሚወጡ ረዳት ድምፆች አብረውት አሉ። የቃናው ቀለም በአመዛኙ የእነዚህ ረዳቶች ብዛትና ጉልበት ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ቶማስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1800 እንዳስረዳው፣ አንድ ረዳት ድምፅ ሲርገበገብ ክሩ ላይ ጸጥ ብሎ የሚቆምበት ነጥብ ካለና አንቺም ክሩን በዚያው ነጥብ ላይ ከመታሽው ያ ረዳት ድምፅ አይወጣም። ክሩን ከመሀሉ ብትመቺው ሁለተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ይጠፋሉ፤ ድምፁም ባዶ ዋሻ ውስጥ እንዳለ ይሆናል። ከርዝመቱ አንድ አምስተኛ ላይ ብትመቺው አምስተኛውና አሥረኛው ይጠፋሉ። ወደ ብሪጁ በተጠጋሽ መጠን ከፍተኛ ረዳቶቹ ይበረታሉ፣ ድምፁም ስለታም ይሆናል፤ ወደ አንገቱ ስትሄጂ ይለዝባል፣ ይወፍራል። «ቆርቆሮ» ያልሽው ነገር ከዚህ የመጣ መሆኑን እጅሽን ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር በማንቀሳቀስ ብቻ ማረጋገጥ ትችያለሽ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ብዙ ተጫዋች አያስተውለውም። የተለመደው ማንዶሊን ክር ከጫፍ እስከ ብሪጅ ወደ 35 ሳንቲሜትር ይረዝማል። ከብሪጁ በ7 ሳንቲሜትር ርቀት ብትመቺ በባዶው ክር ላይ አንድ አምስተኛ ነው። በ12ኛው ፍሬት ላይ ስትጫኚ ግን የሚርገበገበው ክር 17 ሳንቲሜትር ተኩል ብቻ ይቀራል፤ ያው 7 ሳንቲሜትር ሁለት አምስተኛ ሆነ ማለት ነው። እጅሽ ባይነቃነቅም የመምቻሽ ቦታ ተቀየረ፤ ቃናውም አብሮ ተቀየረ። «ወደ ላይ ስወጣ ድምፁ ይለወጥብኛል» የሚል ሰው መሣሪያውን ከመውቀሱ በፊት ቀኝ እጁ ግራ እጁን መከተል አለመከተሉን ይመርምር።

ተማሪ፦ ይህን ሁሉ እጅ ካደረገው ለፒክና ለክር ምን ሥራ ቀረላቸው?

መምህር፦ እጅ የሚጀምረውን እነሱ ይቀርጹታል። ቀጭንና ሹል ፒክ ክሩን በጠባብ ነጥብ ስለሚለቀው ከፍተኛ ረዳቶቹን ያነቃል፤ ሲታጠፍ የሚያወጣው ጠቅታም ከድምፁ ጋር ይሰማል። ወፈር ያለ፣ አንድ ሚሊሜትር ወይም አንድ ተኩል የሚሆን፣ ጫፉም የከበበ ፒክ አነሳሱን ያለሰልሰዋል፤ ድምፁን ያወፍረዋል። ፒኩን አዘንብለሽ ስትይዢው ደግሞ ክሩን ይፍቀዋል፤ ጥምጥም ባላቸው ወፍራም ክሮች ላይ የፍቀቱ ድምፅ ይሰማል። የክርን ነገር በተመለከተ ግን ገበያው የሚያወራውና እውነቱ ይለያያሉ። ክር ሻጮች ስለ ፎስፎር ብሮንዝ፣ ስለ ኒኬል፣ ስለ ሞኔል ብዙ ይላሉ። በተለመዱት ስብስቦች ውስጥ ግን ጥምጥም ያላቸው የሶልና የሬ ጥንዶች ብቻ ናቸው፤ ላና ሚ ራቁት ብረት ናቸው። ስለዚህ የሚ ጥንድሽ ሰላላ ከሆነ የጥምጥሙን ብረት መቀየር ለእሱ ምንም አያደርግለትም። ወፈር ያለ የሚ ክር፣ ከበብ ያለ ፒክና ከብሪጁ ራቅ ያለ አመታት ያደርጉለታል። ቦታውን ለይቶ የሚጠቁም ቃል የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። «ድምፄ ሰላላ ነው» የሚል ሰው ሙሉ ስብስብ ይገዛል፤ «ሚ ላይ ሰላላ ነው» የሚል ሰው ሁለት ክር ብቻ ይቀይራል።

ቅኝቱንም አትዘንጊ። ጥንዶቹ አንድ ድምፅ እንዲያወጡ የታሰቡ ናቸው፤ አንዱ ክር በ440፣ ጓደኛው በ441 ሄርትዝ ቢቃኝ ድምፁ በየሰከንዱ አንዴ ከፍ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ሲጨምር ማዕበሉ ይፈጥናል፤ ጆሮም ጥርት ያለ ድምፅ አጣሁ ይላል። የቃና የተባለ ቅሬታ የቅኝት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ያረጀ ክርም እንዲሁ ነው፤ ላብና ቆሻሻ ክብደቱን ያዛቡታል፤ ጥራቱ ይጠፋል፣ ቅኝቱም አልስተካከል ይላል።

ተማሪ፦ እዚህ ላይ ልቃወምዎት። ስለ እጅ፣ ስለ ፒክ፣ ስለ ክር ሲናገሩ መሣሪያው ራሱ ምንም እንደማያደርግ አስመሰሉት። ታላላቆቹ ተጫዋቾች ታዲያ ለምን ውድና አሮጌ መሣሪያ ይይዛሉ? በሎይድ ሎር የተፈረመ የጊብሰን ኤፍ-5 ማንዶሊን ያን ያህል የሚፈለገው በከንቱ ነው?

መምህር፦ በከንቱ አይደለም። መሣሪያ ወሰን ያበጃል፤ እጅ የሚመርጠው በዚያ ወሰን ውስጥ ካለው ነው። በእንቁላል ቅርጽ ቀዳዳ የተሠራ ማንዶሊን በአብዛኛው ክብና ረዘም ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እንደ ቫዮሊን ሁለት ረዣዥም ቀዳዳ ያለው ደግሞ ፈጣንና ወደ ፊት የሚወረወር ነው። የናፖሊው ጎባጣ ጀርባ ማንዶሊን ቀላል ነው፤ ፓስኳሌ ቪናቻ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የብረት ክር እንዲሸከም አድርጎ አሻሻለው፤ ድምፁ ብሩህና ቶሎ የሚከስም ነው፤ ትሬሞሎ የሚስማማውም ለዚህ ነው። ይህን በእጅ መሰረዝ አይቻልም።

የኤፍ-5ን ታሪክ ግን ልብ ብለሽ ተመልከቺ። ሎር በመሣሪያ ሠሪው በጊብሰን ኩባንያ የሠራው እ.ኤ.አ. ከ1919 እስከ 1924 ነበር፤ ኤፍ-5 የወጣው በ1922 ነው። የታሰበው ለመድረክ ኮንሰርትና በዚያ ዘመን ለነበሩት የማንዶሊን ኦርኬስትራዎች ነበር። የብሉግራሱ ተጫዋች ቢል ሞንሮ እ.ኤ.አ. ጁላይ 9 ቀን 1923 የተፈረመበትን ኤፍ-5 ያገኘው ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ ነው፤ ዛሬ ሰው በዚህ መሣሪያ የሚያውቀውን ደረቅና ቆራጭ ድምፅም ዝነኛ ያደረገው እሱ ነው። ሞንሮ ግን ከዚያ በፊት፣ በ1936 ከወንድሙ ከቻርሊ ጋር ሸክላ ሲያስቀርጽ፣ በሌላ ማንዶሊን ፈጣንና ስለታም አጨዋወቱን አሳይቶ ነበር። ሠሪው ያሰበው ሌላ፣ ተጫዋቹ ያወጣው ሌላ ሆነ። መሣሪያው ለሁለቱም ሐሳብ በቂ ነበር፤ የትኛው እንደሚወጣ የወሰነው ግን ምን እንደሚፈልግ የሚያውቅ ሰው ነው። እንጨቱ ቃናውን ወስኖ ቢያስቀምጠው ኖሮ ኤፍ-5 እስከ ዛሬ የኦርኬስትራ መሣሪያ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

ተማሪ፦ የሞንሮ ታሪክ አንድ ምሳሌ ነው፤ በአንድ ምሳሌ ሕግ አይወጣም። ውድ እንጨት የተሻለ እንደሚሰማ ሁሉም ይናገራል።

መምህር፦ ሁሉም መናገሩ ማስረጃ አይሆንም፤ ዓይን ጆሮን ይመራዋልና። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ላንሳልሽ። ስድስት ጊታሮች በአንድ ንድፍ ተሠሩ፤ የተለየው የጀርባቸውና የጎናቸው እንጨት ብቻ ነበር፤ ከብርቅዬው የብራዚል ሮዝውድ እስከ ርካሹ ሳፔሌ ድረስ። 52 ጊታሪስቶች በደብዛዛ ብርሃን፣ የበያጅ መነጽር አድርገው ተጫውተው ደረጃ ሲሰጡ፣ ለስድስቱም የሰጡት በጣም ተቀራራቢ ሆነ። በሌላ ፈተናም ጊታሮቹን በድምፅም ሆነ በስሜት መለየት አልቀለላቸውም። ማንዶሊን ጊታር አይደለም ብትዪኝ ልክ ነሽ። ጥናቱ ስለ ፊት እንጨቱ፣ ስለ ውፍረቱና ስለ ሠሪው ጥበብ አይናገርም፤ እነዚያ ብዙ ያደርጋሉ። እኔም ከዚህ የምወስደው ትንሽ ነገር ነው፤ ይህን እንጨት ስላየሁ ሞቅ አለኝ የሚለው እምነት ሳይፈተን መታመን የለበትም። ሁለት ማንዶሊን ስታማርጪ ጀርባሽን አዙሪና ሌላ ሰው በአንድ ፒክ፣ አንድ ዜማ፣ በአንድ ቦታ ቆሞ ይጫወትልሽ።

ተማሪ፦ ሌላም አለኝ። ተጫዋቹ የሚሰማውና አድማጩ የሚሰማው አንድ አይደለም። በየትኛው ጆሮ ልፍረድ?

መምህር፦ ይህ ከተቃውሞዎችሽ ሁሉ ጠንካራው ነው። መሣሪያው ድምፁን ወደ ፊት ነው የሚወረውረው፤ አንቺ ግን ከኋላውና ከላዩ ነሽ። ስለዚህ ለአንቺ የለዘበ የሚመስለው ከፊት ለተቀመጠ ሰው ስለታም ሊሆን ይችላል። ጀርባውን ከሆድሽ ጋር ካጣበቅሽው ደግሞ እንጨቱ እንዳይርገበገብ ታፍኚዋለሽ፤ ትንሽ አራቂው። ፍርዱ የአድማጩ እንዲሆን ከፊት ሁለት ሜትር ያህል ርቀት ላይ ስልክሽን አስቀምጪና ቅረጪ፤ ስልኩ ዘወትር እዚያው ይሁን። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪና ድገሚው። ፒክም ክርም በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ድምፁ ቢሻሻል እንኳ ያሻሻለውን አያውቅም።

ከእጅ፣ ከፒክና ከክር በኋላ የጠጋኙ ተራ ይመጣል። የማንዶሊን ብሪጅ አይጣበቅም፤ በክሮቹ ጫና ብቻ ይቆማል፤ የመካከለኛ ውፍረት ስብስብ በጠቅላላው ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ይወጠራል። የብሪጁ እግሮች ከፊት እንጨቱ ጉብታ ጋር ጥርት ብለው ካልገጠሙ ጉልበቱ መንገድ ላይ ይባክናል። በበጋው ደረቅ አየር እንጨቱ ሲኮማተር ክሮቹ ወደ ፍሬቶቹ ይጠጋሉ፤ ያልነበረ ንዝረት ይመጣል። ይህን ሁሉ ጠጋኝ በጥቂት ሥራ ያስተካክለዋል፤ ግን «አልጣመኝም» ብትዪው ምን ያድርግልሽ? «ላ ላይ ከ5ኛው ፍሬት ወደ ላይ፣ በርትቼ ስመታ ይነዝራል» ካልሽው ሥራውን ይጀምራል።

ተማሪ፦ ይህ ሁሉ መለካትና መለየት ሙዚቃውን አያደርቀውም? ቃና ከነፍስ ነው የሚባለው ሐሰት ነው?

መምህር፦ ሐሰት አይደለም፤ ያልተሟላ ነው እንጂ። ነፍስ የምትዪው ነገር የትኛው ድምፅ ለየትኛው ቃል፣ ለየትኛው ኀዘን፣ ለየትኛው ደስታ እንደሚገባ የሚመርጠው ነው። መምረጥ የሚችለው ግን በእጁ ብዙ አማራጭ ያለው ነው። በአንድ ቦታ ብቻ መምታት የሚያውቅ እጅ ስሜቱ ቢበዛም የሚናገርበት አንድ ቃና ብቻ ነው ያለው። ለዘብ ያለ ትዝታ ለመጫወት እጁን ወደ አንገቱ፣ ለፈጣን ጭፈራ ወደ ብሪጁ የሚያንቀሳቅስ ሰው ስሜቱን አላደረቀም፤ መውጫ ሰጠው። ይህ ትምህርት ክርና ፒክ እንደልብ በማይገኝበት ሀገር ላለ ተጫዋች ደግሞ የበለጠ ይጠቅመዋል፤ የመንገዱ የመጀመሪያ ክፍል ገንዘብ አይጠይቅምና።

ተማሪ፦ እንግዲያው ጥያቄዬን እንደገና ላቅርበው። በሚ ጥንድ ላይ፣ ክሩ ሲመታ ድምፁ ስለታም ነው፤ ከዚያ ቶሎ ይከስማል። የምፈልገው ለዜማ ነው፣ ለምት አይደለም፤ አነሳሱ ለስለስ እንዲል፣ ድምፁም እንዲወፍር እሻለሁ። ሌሎቹ ሦስት ጥንዶች ደህና ናቸው።

መምህር፦ አሁን መግዛት የሚያስፈልግሽ ማንዶሊን አይደለም። እጅሽን ከብሪጁ አርቂ፤ ካልበቃ ከበብ ያለ ፒክ ያዢ፤ ካልበቃ የሚን ሁለት ክሮች ወፈር ባሉ ቀይሪ፤ ካልበቃ ብሪጁን አስመርምሪ። እያንዳንዱን እርምጃ ቀድተሽ ከፊተኛው ጋር አወዳድሪ። ይህን ሁሉ አድርገሽ ድምፁ አሁንም ካልመጣ፣ ያን ጊዜ መሣሪያው ወሰኑ ላይ ደርሷልና ሌላ ፈልጊ። ያን ጊዜም ወደ ሻጩ የምትሄጂው የሚጎድለውን በስሙ መጥራት የምትችዪ ሆነሽ ነው፤ ሻጩ የወደደውን ሳይሆን አንቺ የምትሺውን ይዘሽ ትወጫለሽ።